ክረምት ላይ በማውንቴን ሳይክል ከድሬ ወደ ደንገጎ ለምትወጡ፡ ምን ትለብሳላችሁ?

ድሬ_ከዚራ
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነበር። ድሬ ነው ምኖረው፣ ማውንቴን ሳይክል አለኝ፣ እስካሁን በደንብ ምነዳው በጋ ላይ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ፀሐዩ ሳይከር መመለስ። አሁን ግን ከጓደኞቼ ጋር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ላይ ለመውጣት አስበናል፣ ደንገጎ ወጥተን በሐሮማያና በአወዳይ አድርገን ሐረር መግባት፣ እዛ ማደር፣ በማግስቱ ሐኪም ጋራ ላይ ያለውን የእግር መንገድ ነድተን መመለስ። ችግሩ ልብስ ነው። ከቤት ስወጣ ድሬ በካናቴራ እንኳን ያልባል፣ ደንገጎ ላይ ደግሞ ጉም፣ ካፊያ፣ ንፋስ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሚመጣልኝ ሁሉ የአውሮፓ በረዶ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። እዚህ ገበያ ላይ ከሚገኘው ምን ልግዛ? ጃኬት ነው ሱሪ ነው ጫማ ነው ሚቀድመው? በጀቴ ትንሽ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የሐኪም_ጋራ_ልጅ
ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ፣ ሐረር ስትገቡ ንገሩን አብረን እንወጣለን። የኔ ምክር ባጭሩ ለቁልቁለቱ ልበስ ነው። ዳገቱ በራሱ ያሞቅሃል፣ እንደውም በጣም ያሞቅሃል፣ ችግሩም እዛ ጋ ነው ሚጀምረው። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት፣ ደንገጎ ከ2000 በላይ ነው፣ አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል፣ ስለዚ ዝናቡ ገና ሳይመጣ 5 ዲግሪ ቀንሶብሃል ማለት ነው። እሱ ብቻውን ምንም አይልም። ግን ያንን ዳገት ስትገፋ ላብህ ካናቴራህን አርሶታል፣ ጫፍ ላይ ቆም ብለህ ሻይ ትጠጣለህ፣ ሰውነትህ ይበርዳል፣ ከዛ ሳይክሉን ቁልቁል ትለቀዋለህ። አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆንና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትወርድ በደረቅ ቆዳ ላይ እንኳን 6 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው ሚሰማህ፣ እርጥብ ከሆንክ ደግሞ ከዛም ይብሳል ምክንያቱም ውሃ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በፍጥነት ነው ሙቀት ከሰውነት ሚወስደው።

ስለዚ ከሁሉም በፊት ገላህን ሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላቡን ይጠጣና ይይዘዋል፣ አይደርቅም፣ ቁልቁለቱን በሙሉ ደረትህ ላይ ተለጥፎ ይቀዘቅዛል። ፖሊስተር ግን ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፣ ላቡን ወደ ውጭ ያሳልፈዋል፣ ቶሎ ይደርቃል። ውድ ነገር መግዛት የለብህም፣ የኳስ ማሊያ ፖሊስተር ነው፣ ልክህ የሆነ ማሊያ ካለህ ስራው ተሰርቷል። ሁለት ማሊያ ያዝ፣ አንዱን ለብሰህ ውጣ፣ አንዱን በድርብ ፌስታል ጠቅልለህ ቦርሳህ ውስጥ ክተት። ደንገጎ ስትደርስ ሻይ ከማዘዝህ በፊት እርጥቡን አውልቅና ደረቁን ልበስ፣ ላዩ ላይ ንፋስ ማያስገባ ጃኬት። ብዙ ሰው ሻዩን ያስቀድማል ከዛ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው ልብስ ሚፈልገው።

ሰልባጅ_አዋቂ
አቦ ትክክል ብለሃል። ጃኬቱን በተመለከተ እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰልባጅ ላይ ጥሩ ጥሩ ነገር ይመጣል፣ ሰው ግን አይቶ አያውቀውም። ድሬ ከሆንክ አሸዋና ከፊራ በኩል ዙር፣ ሐረር ደግሞ ሸዋ በር አካባቢ። ከአውሮፓ በሚመጣው ቦንዳ ውስጥ ጎርቴክስ ሚባለው ውሃ ማያስገባ ጃኬት ሁሉ ይገኛል፣ ሻጩ እንደማንኛውም ጃኬት ነው ሚሸጠው።

ስትመርጥ መጀመሪያ ገልብጠው። ውስጡን እየው። ውሃ ማያስገባ ጃኬት ከሆነ ስፌቱ በሙሉ ከውስጥ በኩል የጣት ወርድ ባላት ስስ ላስቲክ ነገር ተለጥፎበታል፣ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ውሃ እንዳያስገባ ነው። ያ ጥብጣብ ከሌለው ጃኬቱ ለካፊያ እንጂ ለዝናብ አይሆንም። ካለው ደግሞ በጥፍርህ ጠርዙን ሞክረው፣ ትከሻው ላይና ኮፍያው ስር ነው መጀመሪያ ሚላቀቀው። ከዛ ጨርቁን ውስጡን በመዳፍህ እሸው፣ ነጭ ቅርፊት እጅህ ላይ ከቀረ ወይ ከተጣበቀብህ ሽፋኑ አልቋል፣ ቢሰጥህም አትውሰደው። ደህና ከሆነ ሻጩ ከፈቀደልህ ክንዱ ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርግ። ውሃው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ከተንከባለለ የላዩ ቅባት አለ። ቢጠጣውም ግን አትጣለው፣ የላዩ ቅባት በእጥበት ሚሄድ ነገር ነው፣ ይታደሳል፣ ዋናው የውስጡ ነው።

ለሳይክል ጀርባው ረዘም ያለ መሆን አለበት፣ ጎንበስ ስትል ወገብህ እንዳይገለጥ። እጅጌው መሪውን ስትይዝ ወደ ክርንህ እንዳይሸሽ እጅህን ወደፊት ዘርግተህ ለካው። ብብቱ ስር ዚፕ ካለው ደግሞ በእጅህ ያለውን ጣልና እሱን ያዝ፣ ዳገት ላይ ከፍተኸው ትተነፍሳለህ።

አወዳይ_መስመር
እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ይሄ ሁሉ ከሚሆን የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ አይቀልም? ርካሽ ነው፣ ጠብታ አያስገባም፣ ሞተረኞቹ ሁሉ እሱን ነው ሚለብሱት።

የሐኪም_ጋራ_ልጅ
ሞተረኛው አይፔዳልማ ወንድሜ። ተቀምጦ ነው ሚሄደው አያልበውም። አንተ ፕላስቲክ ለብሰህ የደንገጎን ዳገት ብትወጣ ዝናቡ ውጭ ይቀራል ላብህ ግን መውጫ ያጣል፣ ጫፍ ስትደርስ በዝናብ ከተመታው ሰው በምን ተሻልክ? ጎርቴክስና የሱ ዘመዶች ሰው ሚከፍልባቸው ለዚህ ነው፣ የላብ እንፋሎት ሚያስወጣ የውሃ ጠብታ ማያስገባ ቀዳዳ አላቸው።

ሰልባጅ_አዋቂ
እዚጋ ግን ትንሽ ልለይ። ጎርቴክስም ቢሆን ተአምር አይሰራም፣ አጥብቀህ እየገፋህ ከሆነ ከሚያስወጣው በላይ ታልባለህ፣ በተለይ ድሬ በኩል አየሩ ራሱ ሞቃት ሲሆን። እና ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ አይጣል። ለቁልቁለት ብቻ ከሆነ፣ ማለቴ ዳገቱን ቦርሳ ውስጥ አድርገኸው ጫፍ ላይ ደረቅ ማሊያ ከቀየርክ በኋላ ከላይ ከደረብከው፣ ርካሹ ፕላስቲክም በደንብ ይሰራል። ቁልቁለት ላይ አታልብም። እኔ ገንዘብ የሌለው ልጅ ሲጠይቀኝ ምለው እሱን ነው። ብቻ ሰፊውን ፖንቾ አይደለም፣ ንፋስ ይሞላዋል ሳይክሉን ይጎትትብሃል፣ እጅጌና ዚፕ ያለውን።

አወዳይ_መስመር
እሺ ገባኝ፣ ለቁልቁለት ብቻ። አመሰግናለሁ።

ፈቲያ_ድሬ
ሰላም ለሁላችሁም። የሴቶችም ይጨመር እስቲ። እኔ ሂጃብ ነው ምለብሰው፣ ሱሪዬም ሰፋ ያለ ነው፣ ጭቃ ላይ ካቴናው ውስጥ ይገባብኛል፣ ሻርፔ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ከብዶ አንገቴ ላይ ይቀዘቅዛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሐሮማያ_ሳይክል
እህቴ ፈቲያ፣ እኔም እንዳንቺው ስለሆንኩ ምጠቀመውን ልንገርሽ። ከላይ እስከ ታች አንድ ሻርፕ ከመጠምጠም የስፖርት ሂጃብ ሚባለውን ፈልጊ፣ ፖሊስተር ነው፣ ስስ ነው፣ ሄልሜት ስር ሳይታጠፍ ይገባል፣ ቢረጥብም ቶሎ ይደርቃል። ካላገኘሽ ማሊያ ጨርቅ ገዝተሽ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ ማሰፋት ነው። ሐረር ከሆንሽ መኪና ግርግር ያሉት ሰፊዎች እያሳየሻቸው ይሰፉልሻል፣ የመንገዱን ስም ያወጣለት የስፌት መኪናቸው ድምፅ አይደል፣ ማይሰፉት የለም። ሁለት አሰሪ፣ አንዱ መቀየሪያ።

ሱሪውን በተመለከተ ሰፊነቱን መተው የለብሽም፣ ቀኝ እግርሽን ብቻ ከቁርጭምጭሚት በላይ ማሰር ነው፣ ካቴናው በዛ በኩል ስለሆነ። ሰፊ ላስቲክ ወይ የሚጣበቅ ማሰሪያ ይሆናል፣ አንፀባራቂ ያለበት ቢሆን ደግሞ በጉም ውስጥ መኪናው እግርሽ ሲንቀሳቀስ ያይሻል። ጨርቁ ግን ጥጥ ወይ ጂንስ እንዳይሆን፣ ጂንስ ከረጠበ ጉልበት ላይ ይይዝሻል ቀኑን ሙሉም አይደርቅም። ቀጭን የስፖርት ቱታ ከስሩ ሌጊንስ በቂ ነው። ሌጊንሱ ጉልበትሽን ያሞቀዋል፣ ጉልበት ቁልቁለት ላይ ዝም ብሎ ንፋስ ሚቀበል ቦታ ስለሆነ ቀድሞ ይደነዝዛል።

ፈቲያ_ድሬ
አላህ ይስጥልኝ እህቴ፣ ቀኝ እግር ብቻ ሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ማሊያ ጨርቁን ነገውኑ እፈልጋለሁ።

ጋሼ_ለገሃር
ልጆች ደህና ናችሁ። እኔ አሁን አልነዳም፣ እድሜ ነው፣ ድሮ ግን ድሬዳዋ ላይ ሳይክል ያልነዳ ሰው አልነበረም፣ ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ለገሃር። ወደ ደንገጎም እንወጣ ነበር። ያኔ ጎርቴክስ ሚባል ነገር አናውቅም፣ እኛ ጋዜጣ ነበር ምንይዘው። ደረትህ ላይ፣ ከሸሚዝህ ስር አራት አምስት ወረቀት ድርብ አድርገህ ታስገባለህ፣ ንፋሱ አያልፈውም። ይሄ የድሃ ዘዴ እንዳይመስላችሁ፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ትልልቆቹ ጋላቢዎች ሳይቀሩ ተራራ ጫፍ ላይ ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው ደረታቸው ውስጥ እየከተቱ ነበር ሚወርዱት። አሁን ጋዜጣ ሚገዛ ስለሌለ ካርቶን ቀጠን ያለውን፣ ወይም ፌስታል። እጃችሁንም ጠብቁት። እጅ ከደነዘዘ ፍሬን የለም።

የሐኪም_ጋራ_ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እርስዎ ያሉትን ወረቀት እኔም እስከዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አላጣውም። የእጁ ነገር ደግሞ እውነት ነው። ከኛ ጋር ሚነዳ አንድ ልጅ ደንገጎን ሲወርድ በዝናብ ጣቶቹ ደንዝዘው ፍሬኑን መሳብ አቅቶት መሃል መንገድ ላይ ወርዶ ሳይክሉን እየገፋ ነው የጨረሰው። ጓንቱ የጥጥ ነበር። አሁን ምናደርገው ፋርማሲ ሚሸጠውን ስስ የሐኪም ጓንት ከስር፣ ተራውን ጓንት ከላይ ነው። ስሱ ጓንት ንፋስና ውሃ ያስቀራል፣ ላዩ ያለው መሪውን ይይዝልሃል። እጅህ ውስጡ ያልበዋል፣ ግን ሙቅ ላብ ነው። በብዛት ያዝ ቶሎ ይቀደዳል።

ነርስ_ሐረር
ጤና ይስጥልኝ። የሞያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ብርድ የመታው ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፣ ዚፕ መዝጋት ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ አፉ ይተሳሰራል፣ ነገር ይምታታበታል። ከአጠገባችሁ ሚነዳው ጓደኛችሁ ስታወሩት አፉ ከተያያዘ ወይ በግድየለሽነት ከመለሰላችሁ አቁሙት። "ትንሽ ነው የቀረው እንድረስ" አይባልም። እርጥቡን በሙሉ አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ንፋስ ከማይገባበት አግቡት፣ ራሱንና አንገቱን ሸፍኑ፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን አትሹት፣ እሳት ላይም አታስጠጉት፣ መጀመሪያ መሞቅ ያለበት ደረቱ ነው። በጣም ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ድንገት ካቆመ ደግሞ ባስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፣ ተሻለው ብላችሁ እንዳትተዉት። በረዶ ባይኖርም በኛ አገር ይሄ ይሆናል፣ እርጥብ ልብስና ንፋስ ይበቃሉ።

ድሬ_ከዚራ
ይሄንን ለጓደኞቼ በሙሉ ልኬላቸዋለሁ፣ በጣም ነው ማመሰግነው። ጫማስ? ያለኝ ወንፊት ያለው የሩጫ ስኒከር ነው።

ፓራፋንጎ
ጫማው ያው ይሁን፣ ካልሲህ ላይ ስራ። የሱፍ ካልሲ ፈልግ፣ ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን አይለቅም፣ ጥጥ ካልሲ ግን ውሃ ከያዘ በቃ። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ውስጡ ይዞ እንኳን ለእጅህ ደረቅ ይመስላል። ሰልባጅ ላይ የተራራ ካልሲ ሲመጣ ታጉ ላይ ሜሪኖ (ለስላሳ የበግ ሱፍ ነው) ሚል ካለ አንሳው። ከካልሲው በላይ ፌስታል፣ ከዛ ጫማ። ለቁልቁለት ብቻ ግን፣ ዳገት ላይ ፌስታል አታድርግ እግርህ ይቀቀላል።

እኔ ግን ከልብስ በፊት ምለው ነገር አለ። መቀመጫህንና ጀርባህን ሚያረጥበው ከላይ ሚወርደው ዝናብ አይደለም፣ የኋላ ጎማህ ሚረጨው ነው። ማውንቴን ሳይክል ላይ ፓራፋንጎ የለም፣ ጎማው ሰፊ ነው፣ ጭቃውን ከነውሃው ቀጥታ ወገብህ ላይ ነው ሚያመጣው። አሮጌ ቢጫ ጀሪካን ፈልግ፣ ጎኑን በመቀስ ቁረጥ፣ ርዝመቱ ክንድህን ያህል፣ ወርዱ ከጎማው ሁለት ጣት ሚበልጥ፣ መሃሉን ርዝመቱን ተከትለህ እጠፍና ጎበጥ አድርገው፣ ጠርዙ ላይ በጋለ ሚስማር ብሳውና በፕላስቲክ ማሰሪያ ኮርቻው ስር እሰረው። ለፊቱ ደግሞ ትንሿን ሹካው ላይ። ይሄን ካደረግክ ሱሪህን ግማሽ አዳንከው፣ ፊትህም ላይ ጭቃ አይረጭም። ወጪው የማሰሪያው ብቻ ነው።

ሰልባጅ_አዋቂ
ፓራፋንጎ ያለው ልክ ነው ወላሂ፣ ከጃኬትም ይቀድማል። ለአይን ደግሞ ነጭ የብየዳ ቤት መከላከያ መነጽር፣ እቃ መሸጫ ሱቅ ሁሉ አለ፣ ጥቁር መነጽር በጉም አይሆንም።

ሐሮማያ_ሳይክል
ቀለምም አስቡ። ሁሉም ጥቁር ጃኬት ነው ሚገዛው ቆሻሻ ይችላል ብሎ። ደንገጎ ላይ ጉም ሲወርድ ከባድ መኪናው ጥቁር የለበሰውን አጠገቡ ሲደርስ ነው ሚያየው። ብርቱካናማ ወይ ቢጫ ልበሱ፣ ጃኬቱ ጥቁር ከሆነ የመንገድ ሰራተኞች ሚለብሱት አንፀባራቂ ሰደርያ ከላይ ደርቡበት፣ የኋላ ቀይ መብራት ቀንም ይብራ።

ገንደ_ቆሬ
ወደ ሐረር ለምትወጡት ብቻ ሳይሆን ድሬ ሜዳው ላይ ለምትነዱትም አንድ ነገር ልበል። ክረምት ላይ አሸዋው ሲረጥብ ለጎማ ስለሚጠነክር ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ገብተው ሚነዱ ልጆች አያለሁ። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ነው ሚወርደው። የ1998ቱ ጎርፍ በሌሊት ነው የመጣው፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ወደ ደንገጎ ዞር ብላችሁ እዩ፣ እዛ ከጠቆረ ወንዙ ውስጥ አትግቡ። ልብስ አያድንም ከዛ።

ድሬ_ከዚራ
አልገባም፣ አባቴም ሁሌ ሚለኝ እሱን ነው። እሺ አሁን እንዲህ ልግዛ፣ መጀመሪያ የጀሪካን ፓራፋንጎ፣ ማሊያ ሁለት አለኝ፣ የሐኪም ጓንት፣ ሱፍ ካልሲ፣ ከዛ ገንዘብ ካለኝ ከሰልባጅ ጃኬት፣ እስከዛው ዚፕ ያለው ፕላስቲክ። ልክ ነኝ? ሌላው ደግሞ ታህሳስ 19 ለቁልቢ ገብርኤል በሳይክል ልንሄድ ነው፣ ያኔም ይሄው ልብስ ይሆናል?

የሐኪም_ጋራ_ልጅ
ቅደም ተከተሉ በጣም ጥሩ ነው። ታህሳስ ግን ሌላ ብርድ ነው ወንድሜ። ያኔ ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ንጹህ ስለሚሆን ሌሊት ሙቀቱ ሁሉ ይሄዳል፣ ሐሮማያ ሜዳ ላይ ንጋት ላይ ውርጭ ታያለህ። ደረቅ ብርድ ነው። ውሃ መከላከያውን ቤት ተወው፣ ማሊያ ከስር፣ መሃል ላይ ፍሊስ ወይ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ስስ ንፋስ መከላከያ። ሹራብ ስትገዛ ታጉን አንብብ፣ ሱፍ መስሎ አክሪሊክ ነው ሚበዛው። ጆሮ ሚሸፍን ስስ ኮፍያ ሄልሜት ስር ጨምር፣ ሄልሜቱን ኋላ ባለችው ማስተካከያ ትንሽ ላላ አድርገው እንዳይጨንቅህ። ሌሊት ከድሬ ስትነሳ ትንሽ በርዶህ ጀምር፣ መጀመሪያው ዳገት ላይ ይሞቅሃል፣ ሞቆህ ከጀመርክ ግን ደንገጎ ሳትደርስ በላብ ትበሰብሳለህ። ከደንገጎ ወደ ቁልቢ ያለው መንገድ በእግር ሚሄድ ምዕመን ይሞላል፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ደወል ይኑራችሁ።

ድሬ_ከዚራ
ተቀብያለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጃኬቱን ባገኝ ሰልባጅ ስለሆነ ማጠቤ አይቀርም፣ በኦሞ ማጠብ ያበላሸዋል?

ሰልባጅ_አዋቂ
ኦሞና ልብስ ማለስለሻ አይነካው፣ በተለይ ማለስለሻው ውሃ ሚያንከባልለውን ቅባት ያጠፋዋል። ለብ ባለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ትንሽ ብቻ፣ ዚፑን ሁሉ ዘግተህ በእጅህ እሸው፣ አትጭመቀው። ሳሙናው በሙሉ እስኪወጣ ደጋግመህ አለቅልቀው፣ የቀረ ሳሙና ራሱ ውሃ ይስባል። ጥላ ላይ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ታጉ ላይ የካውያ ምልክት አይተህ ከፈቀደ በዝቅተኛ ሙቀት፣ መሃል ላይ ስስ ጨርቅ አንጥፈህ፣ በላዩ ተኩሰው፣ የደከመው ቅባት በሙቀት ይነሳል። እጅጌ ማስጠበብ ወይ ጀርባ ማስረዘም ከፈለግክ ደግሞ ሰፊው ጠርዙን ብቻ ይንካ፣ ትከሻና ደረት ላይ መርፌ ከገባ በዛው ቀዳዳ ነው ውሃው ሚገባው። ቅዳሜ ጠዋት አሸዋ ከመጣህ አብረን እንመርጣለን፣ አዲስ ቦንዳ ሚፈታበትን ቦታ አሳይሃለሁ።

ድሬ_ከዚራ
ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ልኬ ኤል ነው፣ እጄ ግን ረጅም ስለሆነ ኤክስ ኤልም ሞክርልኝ።